ፌንጣው ሳይሞቀው

ስለ ነፍሳት ፎቶ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌንስ ይጀምራል፦ ስንት ሚሊ ሜትር፣ የማን ሥሪት፣ ስንት ብር። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ፌንጣው በዚያች ሰዓት ምን ያህል ሞቆታል የሚለው ነው። ፌንጣም ሆነ ጢንዚዛ የሰውነቱን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኘው ከፀሐይና ከአየሩ ነው። ፌንጣ እንደ ልቡ ለመብላትና ለመዝለል ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ የሰውነት ሙቀት ይፈልጋል። በ8 ዲግሪ ብርድ ያደረ ፌንጣ ግን ካደረበት ሣር ለመነሳት አቅም የለውም። ካሜራው ውድም ይሁን ርካሽ፣ ጥሩ ፎቶ የሚገኘው በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ነው።

ጎጃም ለዚህ ሥራ ይመቻል የምለው ስለ ልምላሜው ብቻ አይደለም፤ ስለ ከፍታው ልዩነት ነው። ከደጀን በታች ዓባይ ድልድይ አካባቢ ያለው በረሃ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዳገቱ አልቆ ደጀን ሲደረስ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስም በከፍታ ከዚያ ብዙ አትለይም። ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ላይ ናት፤ የጮቄ አናት ደግሞ 4,000ን ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በአንድ ማለዳ በረሃው ውስጥ ያለው ፌንጣ ገና ሳይነጋ ሲዘል፣ ደጀን ማሳ ዳር ያለው ጤዛ ተሸክሞ ሣሩን እንደጨበጠ ነው። በረሃው ውስጥ ማለዳ ወርዶ ፌንጣ አላስጠጋ አለኝ የሚል ሰው ችግሩ እጁ ላይ ሳይሆን ከፍታው ላይ ነው። እዚያ ማንሳት ከፈለገ በሌሊት በባትሪ መብራት ይሞክር፣ አለዚያም ወደ ደጋው ይውጣ።

ወቅቱንም የሚወስነው ይኸው ብርድ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባው አለ፣ ሣሩ ረጅም ነው፣ ነፍሳቱም በሽ ናቸው፤ ነገር ግን ሰማዩ ገና ደመና ስለሚይዝ ሌሊቱ አይበርድም፤ ፌንጣውም ጠዋት ቶሎ ይነቃል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛው ይወርዳል፣ ሣሩ ግን ገና አልደረቀም፤ ኩብኩባ የነበሩትም አብዛኞቹ ክንፍ አውጥተዋል። የኑግ ማሳዎችም ቢጫ ሆነው ከበስተጀርባ ይገኛሉ። ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ቢጠነክርም አጨዳው ገብቶ መደበቂያው ሁሉ ይነሳል። ጢንዚዛ ፈላጊ ግን ሌላ ቀጠሮ አለው፦ የግንቦትና የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች። መሬቱ ሲርስ ብዙዎቹ ጢንዚዛዎች ከአፈር ይወጣሉ፣ ማታ ማታም ከበረንዳ አምፖል ስር ይሰበሰባሉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ደግሞ ወንዝና ምንጭ ዳር ካልሆነ በስተቀር ድካሙን ያህል አይገኝም።

ፀሐይ በኅዳር የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቦታው ላይ መድረስ የሚገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ምክንያቱም ፍለጋው ራሱ ጊዜ ይበላል። የሚያድሩበት ቦታ የዘፈቀደ አይደለም። ብዙዎቹ ረጃጅም ሣር ላይ፣ ሰንበሌጥና አክርማ በመሳሰሉት ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብለው ያድራሉ፤ መሬቱ ላይ ጉንዳን አለ፣ እርጥበት አለ። ከማሳው መሃል ይልቅ ዳርና ዳሩ፣ ያልታጨደ ድንበርና የአጥር ጥግ ይበልጣል። ቆሞ ቁልቁል ማየት አያዋጣም። ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከሰማዩ አንጻር በጎን መመልከት ነው፤ ያኔ ከአገዳው ጋር የተጣበቀው ነገር ጥላ ሆኖ ይለያል።

ብዙዎች የማይጠቀሙበት ብልሃት ደግሞ አለ። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ተዳፋት ፀሐይን ቀድሞ ያገኛል፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ደግሞ ዘግይቶ። ከምሥራቁ ጀምሮ እዚያ ያሉት መዝለል ሲጀምሩ ኮረብታውን ዞሮ ወደ ጥላው ጎን መሄድ ቀዝቃዛውን ጊዜ ያራዝማል። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ንፋሱም ስለሚነሳ፣ ደጋ ላይም ቢሆን፣ ፌንጣውን ትቶ ወደ ጢንዚዛና ወደ አበባ ላይ ነፍሳት መዞር ይበጃል።

የበረደው ፌንጣ አይዘልም ማለት ግን ዝም ብሎ ፎቶ ይነሳል ማለት አይደለም። እናንተን ካየ ቀስ ብሎ አገዳውን ይዞርና ከጀርባው ይደበቃል፤ እናንተ ወደ ግራ ስትሄዱ እሱ ወደ ቀኝ። ተከትሎ መዞር ከንቱ ነው። መፍትሔው አለመንቀሳቀስ ነው፤ ከዚያ ነፃ እጅን በሩቅ አዙሮ ከአገዳው ጀርባ አንድ ጣት ማሳየት። ጣቱን ሲሸሽ ዞሮ ከሌንሱ ፊት ይመጣል። ጣቱ አገዳውን መንካት የለበትም፤ ንዝረት ከተሰማው ወድቆ ሣር ውስጥ ይጠፋል።

ፀሐይዋ ነካ ስታደርገው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ይመጣል። ፌንጣው በፍጥነት ለመሞቅ ሙሉ ጎኑን ለፀሐይ ይሰጣል፤ በፀሐይ በኩል ያለውን የኋላ እግሩንም ዝቅ አድርጎ ሆዱን ያስመታል። ለፎቶ አንሺው ይህ ስጦታ ነው፦ ከግንባሩ እስከ ክንፉ ጫፍ ያለው አካል ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ውሏል። ፀሐዩን ከኋላ አድርጎ የካሜራውን ጀርባ ከፌንጣው ጎን ጋር ትይዩ ካደረጉት፣ ያለ ምንም ልዩ ዘዴ ከዓይኑ እስከ ቅልጥሙ እሾህ ድረስ ጥርት ይላል። አደጋው የራስ ጥላ ነው። ጥላችሁ ከወደቀበት ሙቀቱ የተቋረጠበት ፌንጣ ወዲያው ቦታ ይቀይራል፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ጥላውን አጠገቡ ላይ ጥሎ መሥራት ያስፈልጋል።

በዚያ ቅርበት የሚታየው ነገር ለድካሙ ይበቃል። አንዳንዱ ፌንጣ አንቴናውን ሲያጸዳ የፊት እግሩን አንስቶ አንቴናውን ከስር ይረግጠውና ራሱን ወደ ላይ እየሳበ ያሾልከዋል። ዓይኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ካሜራው በዞረበት ሁሉ ትከተላለች። ብሌን አይደለችም፤ ትልቁ ዓይን ከብዙ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ በመሆኑ፣ ቀጥታ ወደ እናንተ የዞሩት ብርሃኑን ውጠው ስለሚያስቀሩት ጠቁረው ይታያሉ። ነጥቧ ከዓይኑ መሃል ስትውል ፌንጣው ወደ ሌንሱ የሚያይ ይመስላል፤ ጠርዝ ላይ ስትሆን ፎቶው ይቀዘቅዛል። ከሁለቱ ትላልቅ ዓይኖች ሌላ ግንባሩ ላይ ሦስት ጥቃቅን ነጠላ ዓይኖችም አሉት፤ እነሱ ከታዩ ፎከሱ ልክ መሆኑን ያረጋግጣሉ።

አሁን ወደ ዕቃው። 1፡1 ሲባል 22 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ፌንጣ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ) ላይም 22 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያርፋል ማለት ነው። እጃችን ላይ በብዛት ያሉት አነስ ያለ ሴንሰር ያላቸው ካሜራዎች የሴንሰራቸው ወርድ ከ22 እስከ 23.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ያ ፌንጣ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ለአብዛኛው ሥራ ከዚህ በላይ ማጉላት አያስፈልግም። 90፣ 100 ወይም 105 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ለቅርብ ፎቶ የተሠራ) ሌንስ ያለው ሰው ተመስገን ይበል፤ ለሌለው ግን ርካሽ መንገዶች አሉ፤ እኔም መጀመሪያ እነሱን እመክራለሁ።

አንደኛው ኤክስቴንሽን ቱዩብ ነው፤ በሌንሱና በካሜራው መሃል የሚገባ ባዶ ቀለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቀለበቱ ርዝመት ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ሲካፈል የተጨመረውን ማጉላት ይሰጣል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 36 ሚሊ ሜትር ቀለበት 0.72 ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ንክኪ የሌለውን ርካሹን ከገዛችሁ ግን አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ከካሜራው መቀየር አትችሉም፤ እንደ ካኖን ባሉት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ፎቶውም ከአንድ ፀጉር የማይበልጥ ቦታ ብቻ ይጠራል። ሁለተኛው ሌንሱን ገልብጦ መግጠም ነው። ለካኖን 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ58 ሚሊ ሜትር መገልበጫ ቀለበት ይበቃል። ሲገለበጥ ነገሩም ይገለበጣል፦ 55 ላይ ማጉላቱ ያንሳል፣ 18 ላይ እጅግ ይበዛል። አፐርቸሩን ለመቆለፍ ሌንሱ በትክክል እንደተገጠመ ኤፍ 8 ላይ (ኤፍ የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) አድርጎ፣ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን የአፐርቸር መመልከቻ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ሌንሱን መንቀል ነው፤ እንደጠበበ ይቀራል። የተገለበጠው ሌንስ የኋላ መስታወቱ ወደ ውጭ ስለሚሆን የመውቂያ ጊዜ አቧራና ገለባ ጠላቱ ነው።

ለእኔ ግን ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ሦስተኛው ነው፤ በሌንሱ አፍ ላይ የሚጣበቅ ጥሩ ማጉያ መስታወት። ሬይኖክስ ዲሲአር-250 የሚባለው ጉልበቱ 8 ዳዮፕተር ነው፤ ማለትም የራሱ የትኩረት ርቀት 125 ሚሊ ሜትር። 55–250 ሌንስ ላይ ሲለጠፍ 135 አካባቢ ላይ 1፡1 ይሰጣል፣ 250 ላይ 2፡1፣ ማለትም እጥፉን። ብርሃን አይቀንስም፣ አፐርቸሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ከነፍሳቱ ያለው ርቀትም ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለፍላሽ ቦታ ይተርፋል። ስልክ ላይ ስለሚቆነጠጡት መስታወቶች ብዙ የምለው የለም፤ ይሠራሉ፣ ግን 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚያስጠጉ ስልኩ ራሱ ጥላ ይጥላል። ርካሽ ስልኮች ላይ የሚለጠፈው ባለ 2 ሜጋፒክሰል «ማክሮ ካሜራ» ግን ለማስታወቂያ እንጂ ለፎቶ የተሠራ አይመስለኝም።

የጀማሪን ፎቶ የሚያበላሸው ዋናው ነገር ጥርት የሚለው ውፍረት ማነሱን አለማመን ነው። ባነሰው ሴንሰር ላይ፣ 1፡1 ሲሆን፣ ኤፍ 8 የሚሰጠው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤፍ 11 ደግሞ 0.9። 2፡1 ላይ ኤፍ 8 ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እንግዲያው ኤፍ 22 አድርጌ ልገላገል የሚል ይኖራል። እዚህ ጋ ወጥመድ አለ፦ ከተለጣፊው ማጉያ መስታወት በስተቀር፣ በቅርብ ስናነሳ አፐርቸሩ ከተጻፈው ይልቅ የጠበበ ሆኖ ነው የሚሠራው። የተጻፈውን ቁጥር በማጉላቱ ላይ አንድ ደምሮ ማባዛት ነው፤ 1፡1 ላይ ኤፍ 11 በተግባር ኤፍ 22፣ ኤፍ 22 ደግሞ ኤፍ 44 ይሆናል። በዚያ ጥበት ብርሃኑ ራሱ ስለሚበተን የፌንጣው ፊት ላይ ያለው ጥቃቅን ሁሉ ይደበዝዛል፤ ከሩቅ ሲታይ ደህና የሚመስል፣ ሲጠጉት ቅባት የነካው የሚመስል ፎቶ ይወጣል። 1፡1 ላይ ከኤፍ 11 አለማለፍ፣ 2፡1 ላይ ኤፍ 5.6 አካባቢ መቆየት ጥሩ ልክ ነው።

ፎከሱን ካሜራው ራሱ እንዲፈልግ መተው በዚህ ርቀት ጊዜ ማባከን ነው። ሌንሱን በእጅ ወደሚፈለገው ማጉላት አድርጎ መተው፣ ከዚያ መላ አካልን በቀስታ ወደፊት እያስጠጉ ቅርብ ያለው ዓይን ጥርት ሲል መጫን፤ ሦስት አራት እያደረጉ በተከታታይ ማንሳት። ግራ እጅ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ጤዛ ያቀዘቀዘውን ፌንጣ የያዘውን አገዳ ከፌንጣው ራቅ ብሎ በሁለት ጣት ሳያነቃንቁ ይዞ፣ ሌንሱን በዚያው እጅ አንጓ ላይ ማሳረፍ። ካሜራውና ፌንጣው አብረው ስለሚወዛወዙ ንፋሱ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ሣር ውስጥ ሲተክሉት የሚያነቃንቀው ብዙ ስለሆነ ለጠዋት ፌንጣ እምብዛም አልወደውም።

ብርሃን ላይ ረዘም ማለት ይገባል፤ ጢንዚዛ የሚመጣውም እዚህ ነው። በፍላሽ ሲሠራ መነሻው ይህ ይሁን፦ ካሜራው ሁሉ በእጅ ተስተካክሎ፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ብርሃን የመቀበል አቅም) 200፣ ፍላሹም በእጅ ከሙሉ ጉልበቱ 1/16። ትናንሽ ፍላሾች በዚህ ጉልበት የሚበሩት ከ1/5,000 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ በመሆኑ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ሹተሩ ሳይሆን ፍላሹ ነው። ጎዶክስ ቲቲ600ን የመሰለ በእጅ የሚስተካከል ርካሽ ፍላሽ ይበቃል። ካሜራው አናት ላይ ያለው ትንሹ ፍላሽ ግን ረጅም ሌንስ ሲገጠም ብርሃኑን ሌንሱ ራሱ ስለሚጋርደው ፎቶው ግርጌ ላይ ጥቁር ግማሽ ክብ ይወጣል።

የጢንዚዛ ጀርባ ያንጸባርቃል፤ ያ ማለት በፎቶው ላይ የምናየው ከጢንዚዛው ይበልጥ የብርሃኑን ምንጭ ነው። ባዶ ፍላሽ ከተጠቀማችሁ ጀርባው ላይ የፍላሹ ቅርጽ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቃጠላል፣ በዙሪያው ያለው አረንጓዴ ወይም ነሐስማ ቀለም ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የብርሃን ማለስለሻው ትልቅና ቅርብ መሆን አለበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የዘይት ጀሪካን ጎኑን 20 በ15 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ታችኛው ጠርዝ ከሌንሱ አፍ አልፎ ወደ ጢንዚዛው እንዲያዘነብል አድርጎ ማሰር ነው፤ ከጢንዚዛው ያለው ርቀት 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቢጫ ጀሪካን አይሆንም፣ ቀለም ይለውጣል። አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ መሃሉ ላይ ብሩህ ነጥብ ይቀራል፤ ከፍላሹ ፊት ሌላ ቀጭን ነጭ ነገር ከጨመሩበት ብርሃኑ መላውን ጀሪካን ይሞላል፣ የጢንዚዛውም ጀርባ ላይ ከጫፍ ጫፍ የሚለሰልስ ነጸብራቅ ይተኛል። በቀን ብርሃን ለሚሠራ ደግሞ ረዳት ካለ ነጠላ ዘርግቶ ፀሐዩን መጋረድ ድንቅ ነው፤ ጥለቱን ብቻ ከጢንዚዛው አርቁት፣ አለዚያ ቀይና አረንጓዴው ጀርባው ላይ ይታያል።

በፍላሽ የሚነሱ ፎቶዎች ጀርባቸው ለምን ይጠቁራል የሚለው በየጊዜው የሚነሳ ጥያቄ ነው። ብርሃኑ ርቀቱ ሲጨምር በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ከፍላሹ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ጢንዚዛ በልኩ ሲበራ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ሣር አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ያገኛል። ወይ ቅጠል በቅርቡ ከኋላው የሚገኝበትን ማዕዘን መምረጥ፣ ወይ ሹተሩን 1/60 አድርጎ አይኤስኦውን 800 ማድረስ፣ ያኔ የቀኑ ብርሃን ጀርባውን ይሞላል። ዘጌ ውስጥ፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፎች ባጠሉበት ጫካ፣ ይህ ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ግድ ነው፤ ቀትርም ቢሆን ከስር ያለው ብርሃን ጥቂት ነው። ቢጫ አበባ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል። አደይ አበባና ኑግ ቢጫቸው ኃይለኛ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ደህና እየመሰለ ቀዩ ቀለም ብቻውን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የአበባው ሥር መስመር ሁሉ ይጠፋል። ብርሃኑን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ቀነስ አድርጎ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል፣ ማንሳት ያድነዋል። ጥቁር የእበት ጢንዚዛ ግን ካሜራውን በሌላ አቅጣጫ ያሳስተዋል፤ ጨለማ ነው ብሎ ያበራበትና ግራጫ ያደርገዋል፤ እዚያም መቀነስ ነው።

ጢንዚዛ ሊበርር ሲል ያስታውቃል፤ እንደገና ጉዳዩ የሙቀት ነው። ትልልቆቹ ከመነሳታቸው በፊት የክንፍ ጡንቻቸውን ማሞቅ አለባቸው፤ ቆም ብለው ሆዳቸውን እንደ ወናፍ ሲነፉና ሲያጎድሉ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ነው ጣትን ቁልፉ ላይ ማኖር። ትንሿ ባለ ነጠብጣብ ጢንዚዛ ደግሞ ክሽክሽ የሚባሉትን ጥቃቅን ተባዮች ስትበላ ቆይታ አገዳውን ወደ ላይ ትወጣለች፣ ብዙ ጊዜ የምትነሳውም ከጫፉ ነው። እሷን መከተል ትቶ ጫፉ ላይ ፎከስ አድርጎ መጠበቅ ይቀላል። የነኩት ጢንዚዛ እግሩን አጥፎ የሞተ ከመሰለ ተዉት፤ ጥቂት ደቂቃ ዝም ካላችሁት አንቴናውን ቀድሞ ይዘረጋል፣ ያ ቅጽበት ለፎቶ ከሁሉም ይመረጣል። ጮቄ ላይ፣ ጅብራው ባለበት ከፍታ፣ ጥቋቁር የማይበሩ ጢንዚዛዎች ድንጋይ ስር ይገኛሉ፤ ድንጋዩን ስታነሱ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ አንሱት፣ ስትጨርሱም በነበረበት ልክ መልሱት፤ ከስሩ ያለው እርጥበት ቤታቸው ነው።

በእጅ መያዝ የማይገባው ጢንዚዛም አለ። ባቄላና አደንጓሬ አበባ ላይ የሚገኙት ጥቁር ላይ ቢጫ ወይም ቀይ መታጠቂያ ያላቸው፣ ሲጨነቁ ካንታሪዲን የተባለ መርዝ ያለበት ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያስነሳል፣ ያንን ጣት ዓይን ላይ ማሳረፍ ደግሞ የባሰ ነው። ፌንጣን በእጅ መያዝም ለፎቶ አይጠቅም፦ ቡናማ ፈሳሽ ተፍቶ አፉን ያበላሻል፤ በኋላ እግሩ ከያዙት እግሩን ጥሎ ያመልጣል፣ የወደቀው የኋላ እግርም ተመልሶ አይበቅልም። በዚህ ምክንያት እረኞች ሊረዱ ሲመጡ፣ እነሱ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ «ያዙልኝ» ሳይሆን «አሳዩኝ» ነው የሚባለው። ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ ማንሳት የሚባለውንም አልደግፈውም፤ የደጋው ሌሊት በነፃ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ከፍሪጅ የወጣ ነፍሳትም እግሩን ሰብስቦ ስለሚቀመጥ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለየዋል።

በቀትር ዝም ብሎ የተቀመጠ ፌንጣ ካገኛችሁ ግን ዕድል ነው ብላችሁ አትሩጡ። ሊሞቀው ሲገባ የማይንቀሳቀስ ፌንጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ፈንገስ ነው፦ ፌንጣን የሚያጠቃ ፈንገስ አለ፣ የታመመው ወደ ሣሩ ጫፍ ወጥቶ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ አገዳውን በእግሮቹ እንዳቀፈ ይሞታል። ሌላው ፀረ ተባይ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን አይጠብቅም፣ በጀርባው ይወድቃል። ያኔ የሚያሳስበው ፎቶው ሳይሆን በደረት የተኛችሁበት ማሳ ነው፤ ከመግባት በፊት መቼ እንደተረጨ መጠየቅ ይገባል። ባለማሳውን «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ ማሳዎ ዳር ፌንጣ ላንሳ?» ማለት ለዚህም ይጠቅማል። ጤፍ ውስጥ ግን ቢፈቀድም አይገባም፤ የተኛ ጤፍ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ፌንጣው ደግሞ ዳሩ ላይም አለ።

ደጋው ላይ የሚኖረው ደገዛ የሚባለው ክንፈ አጭር የፌንጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ከፌንጣ ጋር ይምታታል። መለያው አንቴናው ነው፦ የፌንጣ አጭርና ወፍራም፣ የደገዛ ቀጭንና ከሰውነቱ የሚረዝም። አንቴናው እንዲህ ሲረዝም የጎን ፎቶ ላይ ሙሉውን ማካተት ስለሚከብድ ማጉላቱን ወደ ግማሽ መቀነስ ይሻላል። የሴቷ ደገዛ ሆድ መጨረሻ ላይ እንደ ሰይፍ የወጣው የእንቁላል መትከያዋ ነው። ፌንጣ የሚሰማው በሆዱ መነሻ ጎን ባለው ስስ ቆዳ ሲሆን ደገዛው ጆሮው የፊት እግሩ ቅልጥም ላይ ነው፤ በ2፡1 የጆሮው ስንጥቅ በግልጽ ይታያል።

ብዙ ፎቶ ደርቦ አንድ ጥርት ያለ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው የበረደ ነፍሳትና የሞተ ንፋስ ነው። 1፡1፣ ኤፍ 8 ላይ በየ0.45 ሚሊ ሜትሩ አንድ ማንሳት፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ፌንጣ 12 ያህል ፎቶ ይበቃል። እርምጃው ከ0.6 ከበለጠ በመሃል የደበዘዘ ቀለበት ይቀራል፣ ምንም ሶፍትዌር አይሞላውም። ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዚሪን ስታከር የተባሉት ሶፍትዌሮች ይደርቡታል። በመሃል አንቴናው ከተነቃነቀ ሁለት ሦስት አንቴና ያለው ፌንጣ ይወጣል፤ ያኔ አንቴናውን ከአንዱ ፎቶ ብቻ ወስዶ በእጅ መቀባት ነው።

ዕቃውን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ከጮቄ ብርድ ወርዶ ባሕር ዳር የገባ ካሜራ ወዲያው ከቦርሳ መውጣት የለበትም፤ በላስቲክ ታስሮ እስኪሞቅ ካልተጠበቀ እርጥበቱ ውስጡ ድረስ ይቋጠራል፣ ሐይቁ ዳር በክረምት ይህ ከተደጋገመ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ይይዛል። ሁለተኛው የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ነው። ከክረምት በኋላ ቆላውና ሐይቁ ዳር ያስፈልጋል፤ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት ቅባት ግን ፕላስቲክና ላስቲክ ያሟሟል። መዳፍን ሳይታጠቡ ካሜራ መያዝ የመያዣውን ጎማ ያጣብቀዋል፤ ቅባቱ በእጅ ጀርባና በአንገት ይሁን።

ፎቶው ዝርያውን ለመለየት እንዲያገለግል ከፈለጋችሁ አንድ ቆንጆ ፎቶ አይበቃም። ከጎን፣ ከላይ፣ ፊት ለፊት፤ ለፌንጣ የኋላ ጭኑ የውስጥ ቀለም፣ ከተቻለም በፊት እግሮቹ መሃል ጉሮሮው ላይ እብጠት መኖር አለመኖሩ። ለጢንዚዛ የአንቴናው ቅርጽና የእግሩ ጫፍ አንጓዎች። ያረፈበት ተክል፣ ከፍታውና ሰዓቱም ይጻፍ። ሰዓቱ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ካሜራውን በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ብሎ የሞላ ሰው፣ እንደ አይናቹራሊስት ያለ የዝርያ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ሲጭነው ፌንጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተነሳ ሆኖ ይመዘገባል። የካሜራው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሞላ፤ ጠዋት 1 ሰዓት 7፡00 ነው። የአየሩን ዲግሪም አብሮ የሚጽፍ ሰው በሚቀጥለው ኅዳር በስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለበት ከዚያው ያገኘዋል።